የስኒው ወተት የማን ነው

ነሐሴ 2፣ ከጠዋቱ 12፡40

1 ኪሎ ከ620። ከትናንቱ 30 ግራም ቀነሰ። ሚዛኑን አጥፍቼ አበራሁት፣ ደግሜ መዘንኩት። ያው። ዛሬ እንኳ ሚዛኑ ቢዋሸኝ ደስ ባለኝ።

ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳል፣ ያለ ነው። ይህን እየነገርኩ ስንት እናት አረጋግቻለሁ። ለራሴ ስነግረው ግን አልረጋጋም። ሌሎቹ ሲቀንሱ ካላቸው ላይ ነው። ይሄኛው ከምኑ ላይ ይቀንሳል?

ደብተሬ፣ አራት ቀን አልጻፍኩብሽም፤ ከሥሩ ልጀምርልሽ። ዘሃራ የምትባል ልጅ እግር እናት አለች፣ ከተራራው ሥር ካለ መንደር። ከዚህ በፊት ሁለት ልጅ ቤቷ ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ለዚህ ነው ዘንድሮ ቀኗ ሳይደርስ መጥታ እዚሁ ጤ/ጣቢያው ግቢ ካለው የእናቶች ማቆያ የገባችው። ሐምሌ 29 ጠዋት ምጡ ከወር በላይ ቀድሞ ያዛት። ልጁ ወጣ፣ አለቀሰ። ደሙ ግን አልቆም አለ። የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ። አምቡላንስ መጣ፤ ባሏ ሰይድ ደም ሊሰጥ አብሯት ተሳፈረ። ልጁ ከአያቱ ጋር በሁለተኛው ዙር ሊከተል ነበር።

ከሰዓት ላይኛው አገር ዘነበ፣ ወንዙ ሞላ፣ መንገዱ ተቆረጠ። አምቡላንሱ ማዶ ቀረ። እናትየዋም ማዶ። ሸ/ሮቢት ያለው የኪራይ ክፍሌም ማዶ። ከወንዙ ወዲህ ልጁን ይዘን የቀረነው እኔና አያቱ እትዬ ሃዋ ነን።

እትዬ ሃዋ የሰይድ እናት ናቸው። ማሞቂያ የለንም፤ ልጁን ራቁቱን ደረትዎ ላይ አድርገው ይሰሩት፣ ገላዎ ነው የሚያሞቀው አልኳቸው። ይከራከሩኛል ብዬ መልሴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ለጥጃም እንዲሁ አድርጌ አውቃለሁ አሉና ቀሚሳቸውን ፈቱ። ከዚያ ወዲህ ለሶላት ካልሆነ አላወረዱትም። ሲሰግዱ እኔ ደረት ላይ ይሆናል፣ በቀን አምስት ጊዜ። ልቡ ሲመታ ይሰማኛል፣ በጣም ፈጣን ነው።

ነሐሴ 3፣ ከሰዓት 9፡00

ሙቀቱ አይጣል ነው። ዝናቡ ላይ፣ ሙቀቱ እኛ ጋ። ጾም ላይ ነኝ፣ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም፣ ሰው ሲያናግረኝ ልናከስ ይቃጣኛል። ስሜ ትዕግሥት መሆኑ ራሱ ቀልድ ነው።

ስለ ወተቱ ልጻፍ። በመጀመሪያው ቀን ሆስፒታል ካለው ዶክተር ጋር በስልክ ተነጋግረን ነበር። ልጁ ካልጠጣ ስኳሩ ይወርድበታል አለኝ። ከሚያጠቡ እናቶች ይታለብለት፣ የምርመራ ካርዳቸውን እያየሽ፣ ቤተሰቡን አስፈቅደሽ አለ። ካርዳቸውን አየሁ። ወተቱን አሳለብኩ። ቤተሰቡን አላስፈቀድኩም። ጊዜ አልነበረም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እትዬ ሃዋ ሁለት እርምጃ ርቀው ተቀምጠው ነበር።

የሚያልቡት ሦስት ናቸው። ብርቄ፣ ማቆያው ውስጥ ሴት ልጅ የወለደች፣ መንገዱ እስኪከፈት የምትጠብቅ፣ ዝምተኛ። ከድጃ፣ አራተኛ ልጇን የወለደች፣ ድምፅዋ ከግቢው በር ይሰማል፣ ወተቷ ቀሚሷን አልፎ ይፈስሳል። ሦስተኛዋ ታካሚ አይደለችም፤ እህቷን ወባ ጥሏት ልታስታምም የመጣች ናት፣ የሁለት ወር ልጅ ይዛ። እሷ ራሷ ናት ጠጋ ብላ እኔም አለኝ ያለችኝ። ሦስቱም በአንድ ክዳን ባለው ኩባያ ነው የሚያልቡት። ከዚያ በስኒ እሰጠዋለሁ፣ በቀን ስምንት ጊዜ።

ደብተሬ፣ ሲጠጣ ባየሽው። ስኒውን ከንፈሩ ላይ አስደግፋለሁ፣ አላፈስስም፣ እጠብቃለሁ። ዓይኑን አይገልጥም። ምላሱ ትወጣለች፣ ትነካዋለች፣ ትመለሳለች። እንደ ድመት ግልገል ይልሳል። ማንም አላስተማረውም። ስድስት ዓመት አዋልጃለሁ፣ ይህን ሳይ ግን ስኒው እስኪጎድል ዓይኔን አልነቅልም።

እኔ ራሴ እናቴን አላውቃትም። በወለደችኝ በስምንተኛው ቀን ነው የሞተችው፤ አክስቴ ናት ያሳደገችኝ። በምን አደግሽ ሲሉኝ በላም ወተት እላለሁ። ማን እንደነገረኝ አላስታውስም። ዛሬ ለምን ትዝ እንዳለኝም እንጃ።

ነሐሴ 4፣ ጠዋት

1,645! ጨመረ። በአገናኝ መንገዱ ላይ እንደ ልጅ ዘለልኩ፣ የጽዳቷ ሴት አየችኝ፣ ትየኝ።

እትዬ ሃዋ ምሥጋናቸውን ለፈጣሪ ካደረሱ በኋላ መንግሥትን መረቁ። የመንግሥት ወተት እንዲህ ልጅ ያነሣል ብዬ አላሰብኩም አሉ። ለተጎዱ ሕፃናት የሚበጠበጠውን የዱቄት ወተት መስሏቸዋል።   እውነቱን ልጁ ሲጠነክር እነግራቸዋለሁ አልኩ።

የወባዋ ታካሚ ድና ወጣች። አስታማሚዋ እህቷም ልጇን አዝላ ሄደች። ከመሄዷ በፊት መጥታ በመስኮት አየችው። እየተጣደፍኩ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳትና ወደ ምጥ ክፍል ሮጥኩ።

ነሐሴ 5፣ 7 ሰዓት

ጉድ ሆኛለሁ።

ዛሬ ልጁ ሰባተኛ ቀኑ ነው፣ ስም የሚወጣበት። ሰይድ ደውሎ ዘሃራ ዓይኗን ገልጣ ተናገረች፣ ደም ገባላት አለ፤ እትዬ ሃዋ ስልኩን ግንባራቸው ላይ አስነክተው አለቀሱ። የመንደራቸው ሼህ ከሰዓት ደውለው ዱዓ ሊያደርጉለት ተቀጣጥረዋል። ክፍሉን አስጠረጉ፣ ፊታቸውን ታጠቡ። ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር። ከድጃ ደስ ብሏት ገባች፣ ልጇን እንደታቀፈች፣ በዚያ ድምፅዋ የልጄ ስም ማን ሆነ ብላ ጠየቀች።

እትዬ ሃዋ ፈገግ ብለው፣ ልጅሽ? አሉ። ከድጃም ታዲያ ሰባት ቀን ሙሉ ጡቴን ጠጥቶ የማን ሊሆን ነው አለች። እትዬ ሃዋ ያውቃሉ ብላ ነው። ነግሬያቸው መስሏት ነው፣ ምስኪን።

እትዬ ሃዋ ወደሷ አልዞሩም። ወደኔ ነው የዞሩት።

“ስኒው ውስጥ ያለው የማን ነው?”

የሰው ነው አልኩ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

“ሰው ከሆነማ ስም አለው።”

ሁለቱን ነገርኳቸው። ሦስተኛዋን አላውቃትም አልኩ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ልጁን በነጠላው ሸፈኑ፣ ስኒውን ከእጄ ተቀብለው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። የ5 ሰዓቱ ምግብ አለፈው። ለመንኳቸው። ከጡት በአፍ ያልተጠባ ወተት ዝምድና ይሆናል ብዬ አላሰብኩም አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ የጡት ልጅ የሚባለው እኛም ጋ አለ፣ ግን ኩባያን ከጡት ቆጥሬው አላውቅም። ስኳሩ ይወርዳል፣ ይደክማል፣ ልናጣው እንችላለን አልኩ። ሁለት የልጅ ልጅ ቀብሬያለሁ፣ በሞት አታስፈራሪኝ አሉኝ። አሁን ውጭ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሁለት ሰዓት አልፎታል። ምን አደረግኩ?

ያው ቀን፣ 10፡30

ጠጣ። ጠጣ። 20 ሚ/ሊ። ከዚያ በላይ አልፈልግም።

ሼሁ 8 ሰዓት ላይ ደወሉ። እትዬ ሃዋ ድምፁን ከፍ አስደርገው ሁሉንም ነገሯቸው፣ ምንም ሳይጨምሩብኝ፣ ምንም ሳይቀንሱልኝ። ሼሁ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ በመጀመሪያ ልጁን አጠጡት አሉ። ጥያቄው የእኛ የትልልቆቹ ነው፣ ረሃቡ የሱ ነው። እትዬ ሃዋ ራሳቸው ተነሥተው ስኒውን አመጡ። መስኮቱ ላይ የቆየውን ወተት አሸተቱት። ብርቄን ጠርቼ አዲስ አሳለብኩ።

እሱ እየጠጣ ሼሁ አስረዱኝ። አምስት ጊዜ ጠግቦ የጠጣ ልጅ ላጠባችው ሴት ልጇ ነው። በጡት ሆነ በኩባያ ለውጥ የለውም። ልጆቿ እህትና ወንድሞቹ ናቸው፣ ነገ አድጎ አንዷን ሊያገባ አይችልም። ስለዚህ ሰዎቹ መታወቅ አለባቸው። ስንት ጊዜ ጠጣ? ብለው ጠየቁኝ። የመመገቢያ ሰንጠረዡን ከፈትኩ። ሃምሳ አንድ ጊዜ። ሰዓቱ አለ፣ ሚሊ ሊትሩ አለ፣ የገላው ሙቀት አለ፣ ሽንቱ እንኳ አለ። እየቆጠርኩ አነበብኩላቸው።

“ሁሉን ጽፈሻል፣ ልጄ” አሉኝ።

የሰው ስም አንድም የለበትም። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ስሙ ዛሬ አልወጣም። እትዬ ሃዋ እናቱ ስትመጣ፣ ዘመዶቹም ሲታወቁ አሉ።

ነሐሴ 7፣ ጠዋት

1,690።

ትናንት እትዬ ሃዋ ሁለቱን ሴቶች አስጠሩ። ክፍሉ ውስጥ ከአልጋው ጠርዝ ላይ፣ ልጁ ደረታቸው ላይ እንደታሰረ፣ እንደ ዳኛ ተቀምጠው። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ከድጃ ስሟን እስከ ቅድመ አያቷ፣ የባሏን፣ የአራቱን ልጆቿን ተናገረች፤ ለማስቆም ተቸገርን። ከዚያ ብርቄ። ማተቧን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ቀለሟ ጠፍቶ። ክርስቲያን በመሆኔ ይጸየፉታል ብላ ፈርታለች፣ በኋላ ነገረችኝ። እትዬ ሃዋ ግቢ፣ ተቀመጪ አሏት። የልጅሽ ስም ማን ነው አሉ። ገና ክርስትና አልተነሣችም፣ ቤት ውስጥ ግን ፍሬ እንላታለን አለች። ፍሬ የሚለውን ጻፊ አሉኝ። ከዚያ የብርቄን ትከሻ ስበው ሳሙ፣ ሦስት ጊዜ፣ ልጁ በመካከላቸው ሆኖ። ብርቄ አለቀሰች። እኔም። ከድጃም፣ እሷ ግን ድምፅ አውጥታ ነው።

ሦስተኛዋስ? ማንም ስሟን አያውቅም። ከድጃ ከጎኔ ባለው አልጋ ነበረች፣ የኔ እህት እያልኩ ነው የጠራኋት አለች። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፣ ካርዷን አይቻለሁ። የምርመራውን መስመር ብቻ አነበብኩ። ስሙ ፊት ለፊት ነበር፣ ያውም በትልቁ።

የወባዋ እህቷ ግን መዝገብ ላይ አለች። ሰሚራ። ቀበሌዋም ተጽፏል። ስልክ የለም። ነገ ተረኛ አይደለሁም። ወንዙም ጎድሏል፣ ዶክተሩ ግን ክብደት እየጨመረ ከሆነ ልጁን አታንቀሳቅሽው ብሏል። እሄዳለሁ።

ነሐሴ 8፣ ማታ 12፡30

እግሬ ተልጧል፣ ግድ የለም።

ባጃጅ እስከ ዋናው መንገድ መጨረሻ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር። ማሽላው ከኔ በላይ ቁመት አለው፣ በመካከሉ ስትሄጂ ሰማይ ብቻ ነው የሚታይሽ። ሦስት ሰው ጠየቅኩ። ጥላ ሥር ማሾ፣ ያችን አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ የምትለቅም ልጅ እጄን ይዛ አደረሰችኝ።

በር ላይ የቆመችው ያችው ሦስተኛዋ ራሷ ናት። አወቀችኝ። ሰላምታውን ሳልጨርስ፣ ፊቷ ተለዋውጦ፣ ልጄ ደህና አይደለም እንዴ? አለችኝ።

ልጄ። እንዲህ ነው ያለችው። ደህና ነው፣ እየጨመረ ነው ስላት በሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ለምን እንደመጣሁ ነገርኳት፣ እየተንተባተብኩ። ስምሽን ሳልይዝ ቀርቼ ነው አልኩ።

“መቼ ጠየቅሽኝ?”

በክፉ አይደለም ያለችው። ለዚያ ነው የከፋኝ። ስሟ ዘይነባ ነው። ልጇ ረምላ ትባላለች፣ ባሏ ኑሩ። ስንት ጊዜ እንዳለበችለት ጠየቅኋት። አሥራ ሦስት ጊዜ አለች፣ ወዲያው፣ ሳታስብ። ቆጥራለች። ከሷ ወዲያም ባሏ ያውቃል፣ እናቷ ታውቃለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ረምላ ጤና ጣቢያ ወንድም አገኘች ብሎ ነው የሚያወራው። ኑሩ ከእርሻ ገብቶ እጁን ታጥቦ ሰላም አለኝ፤ ለጡት ልጄ አንዲት ሴት ግልገል ለይቼለታለሁ፣ እናቱ ስትድን ይውሰዱ አለ። ወይ ጉድ፣ ደብተሬ። ሴቶቹ ሁሉ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ጡታቸውን ሲያልቡ ልጅ እየወለዱ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሚሊ ሊትር የምትቆጥረው እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩ።

ጾም ላይ መሆኔን ጠይቀው ማሾ ቀቀሉልኝ፣ ቅቤ ሳይነካው፣ በአዲስ ድስት። ስመለስ ማሽላው መካከል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከድካም ይሁን ከሌላ አላውቅም። በዚች አገር ላይ ምን ያህል ነገር እንዳለ፣ እኔ ነጭ ጋውን ለብሼ በላዩ ሳልፍ እንደኖርኩ ነው ያሰብኩት።

እትዬ ሃዋ ስሞቹን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ፣ አሁን አልሃምዱሊላህ፣ እናቱ ትምጣ አሉ።

ነሐሴ 10፣ ከሰዓት

መጣች።

ሰይድ ደግፏት ከአምቡላንሱ ወረደች። ከሄደችበት ቀን ግማሽ ሆናለች፣ ከንፈሯ ነጭ ነው። እትዬ ሃዋ በር ላይ ጠበቋት፣ ነጠላውን ገለጥ አድርገው አሳዩአት። 1 ኪሎ ከ760፣ ዓይኑን ገልጦ። ዘሃራ አየችው። እጇን አልዘረጋችም።

ማታ ሳይደርስ ሁሉንም ነገርኳት። በራሴ አፍ፣ ማንም ሳይቀድመኝ። ሳላስፈቅድ እንደሰጠሁት፣ ሦስቱ እነማን እንደሆኑ፣ ይቅርታም ጠየቅኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ጡቷን በእጇ ነካች። እንደ ባዶ ኪስ ተኝቷል። አሥራ ሁለት ቀን ማንም አልጠባውም፣ ደሟም ፈስሶ አልቋል።

“ያለኔ ከኖረ፣ እኔ ምኑ ነኝ ሲስተር?”

 ስድስት ዓመት ሙሉ ለእናቶች ምክር ስሰጥ ኖሬ፣ ብርድ ልብሷን ብቻ አስተካከልኩላት።

ነሐሴ 11

የተማርኩት አንድ ዘዴ አለ፣ ሠርቼበት አላውቅም። ቀጭን የሕፃን ቱቦ፤ አንዱ ጫፍ ወተት ያለበት ስኒ ውስጥ፣ ሌላው ከእናትየዋ ጡት ጫፍ ጋር በፕላስተር። ልጁ ሲጠባ ወተቱ ከስኒው ይመጣለታል፣ መጥባቱ ደግሞ የደረቀውን ጡት ይቀሰቅሳል። መንገዱ ቢከፈትም ብርቄና ከድጃ ለልጁ ብለው አልሄዱም፤ ብርቄ አለበች። ልጁን አስጠጋሁት። አፉን ከፈተ፣ ፈለገ፣ አገኘ። እስከ ዛሬ ጡት ይዞ አያውቅም፣ ደብተሬ፣ አንድም ቀን። በስኒ ያደገ ልጅ ነው። ያዘ፣ ሳበ።

ዘሃራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። የሚጠጣው የኔን አይደለም አለች፣ በእኔ አካል የሰው ወተት ነው የሚያልፍ። ከጠባ በኋላ ጡቷን በእጅ ላልበው ሞከርኩ። ምንም።

ነሐሴ 13

1,840። ከሷ ግን ምንም። በቀን ስምንት ጊዜ፣ ሦስት ቀን። የጡቷ ጫፍ ቆስሏል። አጥሚት ታጠጣለች፣ የደም ኪኒኗን ትውጣለች፣ ትተኛለች። እኔም መጠራጠር ጀምሬያለሁ፣ ፊቴ ላይ እንዳይታይ እየተጠነቀቅኩ። አንዳንዴ አይመለስም። ይህን መጻፍ እንኳ ያስፈራል።

ዛሬ ቱቦውን ነቀለችው። ልጁን ለከድጃ ስጧት አለች፣ እሷ ይሁንላት፣ ያጠገበችው እሷ ናት።  ሰይድ ተነሥቶ ወጣ።

እትዬ ሃዋ ቀርበው የቀሚሳቸውን አንገት ፈቱ። ደረታቸው ላይ፣ ከአጥንቱ ሥር፣ ክብ ምልክት አለ፣ ቀላ ያለ። ልጁ ጆሮውን አሳርፎ የተኛበት ነው። አስነኳት።

“ይሄን ያደረግኩት ላንቺ ቦታ ልጠብቅልሽ ነው። ሦስቱም እንደዚያው። አሁን መጥተሻል፣ ቦታሽን ያዢ።”

ከዚያ ልጁን ፈትተው ራቁቱን እሷ ደረት ላይ አስተኙት፣ በራሳቸው ነጠላ አሰሩት። ከሶላት ሰዓት ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ልጅ ሆነው ሳያቸው ጎብጠው፣ አንሰው ታዩኝ። ወጥተው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተኙ። ዘሃራ እጇን ነጠላው ውስጥ አስገባች። ቱቦውን መልሼ አጣበቅኩት፣ አልከለከለችኝም።

ነሐሴ 15፣ ከጠዋቱ 4፡10

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉን ታገሺኝ።

የ3 ሰዓቱ ምግብ። ቱቦውን አጣበቅኩ፣ ልጁን አስያዝኩ፣ ስኒውን እሷ ጎን አኖርኩ። ምጥ የያዛት ሴት ገባች ተብዬ ሮጥኩ። ስመለስ ሃያ ደቂቃ አልፏል። እየጠባ ነው። ስኒውን አየሁ። ደረቅ ነው። ጭራሽ ወተት አልቀዳሁበትም ነበር። ከድጃ ያለበችው ኩባያ ጠረጴዛው ላይ፣ ክዳኑ እንደተከደነ።

በራሴ ላይ ልጮህ ነበር። ሃያ ደቂቃ ልጁን አየር አስጠባሁት። አፉን ላላቅቀው ጎንበስ ስል የመዋጥ ድምፅ ሰማሁ። ጉርጥ። ትንሽ ቆይቶ፣ ጉርጥ። ባዶ የሚስብ ልጅ አይውጥም። እየዋጠ ነው።

ቱቦውን ላጥኩት። ቀጠለ። ዘሃራ ምን ሆነ ሲስተር አለች፣ ደንግጣ። ዝም በይ፣ ስሚው አልኳት። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ጉርጥ። ከዚያ ደክሞት ለቀቀው፣ ራሱን ወደ ኋላ ጣለ፣ በከንፈሩ ጥግ ነጭ ነገር ወጣ፣ ጉንጩ ላይ ወረደ። አንዲት ጠብታ። በጣቷ ነካችው። አየችው። ጡቷን አየች፤ እዚያም አለ፣ ጫፉ ላይ፣ ቆሞ።

የማን ነው? አለችኝ። ታውቃለች፣ ግን ከኔ አፍ ልትሰማው ፈለገች።

ያንቺ አልኳት።

እትዬ ሃዋ መሬት ላይ ሱጁድ ወረዱ። እኔ በመስቀል አማተብኩ። ምጥ ያለባት ሴት ከወዲያ እየጮኸች ነው፣ መሄድ አለብኝ።  ከደም የተረፈች ሴት፣ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ከምን? ከየት? መጽሐፉ ላይ ያለውን ሆርሞን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ስሙን በቃሌ እላለሁ። ምንም አያውቅም መጽሐፉ።

ነሐሴ 19፣ ጠዋትና ከሰዓት

2 ኪሎ ከ10። የዛሬው የሷ ብቻ ነው፣ ያለ ቱቦ፣ ያለ ስኒ። ወደ ቤት ሄዱ።

ስሙ ሙባረክ ሆነ። እናቱ ናት ያወጣችው። የክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ስሞቹን እኔ ጻፍኩ፣ በማይለቅ ቀለም፤ ዘሃራ አንድ በአንድ ተናገረች፣ እኔ አልጠቆምኳትም። ብርቄ፣ ልጇ ፍሬ። ከድጃ፣ ከነአራቱ። ዘይነባ፣ ልጇ ረምላ። ነገ አድጎ ሚስት ሲፈልግ ይህን ካርድ ያወጣሉ። ግልገሏን ሰይድ ሊያመጣ ሊሄድ ነው። ከድጃ እስከ በሩ ድረስ እየመከረች ሸኘቻቸው።

እኔም ወስኛለሁ። በመመገቢያ ሰንጠረዡ ላይ በማስመሪያ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፣ ከሰዓቱ ቀጥሎ፣ ከሚሊ ሊትሩ በፊት። የማን ወተት ይላል። ከዚያ በፊት ደግሞ የቤተሰብ ፈቃድ። ኃላፊው ይቆጣ እንደሆነ ይቆጣ።

እትዬ ሃዋ ባጃጁ ላይ ከተቀመጡ በኋላ እጄን ይዘው ጠየቁኝ። አንቺስ የማንን ጠጥተሽ አደግሽ? የላም አልኳቸው፣ እንደ ልማዴ፤ እናቴ በስምንተኛ ቀኔ ነው የሞተችው። በመገረም አዩኝ። የስምንት ቀን ልጅ፣ ከላም? አሉ።  ባጃጁ ሄደ።

አዋላጅ ነኝ። የስምንት ቀን ልጅ የላም ወተት ምን እንደሚያደርገው ለማንም እናት አስረዳለሁ። ስለ ራሴ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አስቤው አላውቅም።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ጾም መፍቻ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ የማን ወተት እንዳሳደገኝ ጠየቅኋት። የላም አይደለም አለች።  ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ጠይቀሽኝ አታውቂም አለች። ድምፅዋ ተለወጠ፣ ወጣት ሆነ። ያጠቡሽ አራት ናቸው አለች። ሁለቱ ዛሬም በሕይወት አሉ፣ አንደኛዋ በየዓመቱ ትጠይቀኛለች፣ ልጄ እንዴት ናት እያለች። እስክሪብቶ ያዥ፣ ስማቸውን እነግርሻለሁ አለች።

ደብተሬ፣ ስልኩ ትከሻዬ ላይ ነው። እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያዋ